ባዶ መስመር አትተዉ

(ባለፈው ቅዳሜ፣ ለትምህርት ቤቶች የቡድን ውድድር ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። በቦታው ላልነበራችሁ ይድረስ ብለን ጽፈን አቅርበነዋል። አንብቡት፤ ለክፍል ጓደኞቻችሁም አጋሩ።)



ዛሬ ስለ ባንዲራ ረጅም ንግግር ላደርግላችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ አንዲት ወረቀት ላወራችሁ ነው። ስፖርት መምህራችሁ እጅ ላይ ያለችውን የምዝገባ ወረቀት ታውቋታላችሁ አይደል? በግራ በኩል የውድድር ዓይነቶች ተዘርዝረዋል፤ በቀኝ በኩል ስም የሚጻፍበት ባዶ መስመር አለ። ወደዚህ አዳራሽ ከመግባቴ በፊት አየኋት። 1,500 ሜትር ላይ ስሙ ሞልቶ ተርፎ ኅዳጉ ላይ ተጽፏል። 100 ሜትር ላይ ግፊያ ነው። ወረድ ስል ግን አሎሎ ውርወራ ባዶ፣ ጦር ውርወራ ባዶ፣ ሱሉስ ዝላይ ባዶ፣ የሴቶች መሰናክል ባዶ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወረቀት ነጭ ነው።

እኔ ይህችን ነጭ ወረቀት አውቃታለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አይቻታለሁ። እስካሁንም ትቆጨኛለች። ለምን እንደምትቆጨኝ ልንገራችሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የ1,500 ሜትር ሯጭ። በትምህርት ቤታችን የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ይህንንም እኔ ራሴ ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ከውድድሩ ሳምንት በፊት ስፖርት መምህራችን ወረቀታቸውን ይዘው መጡና "800 ሜትርም ተመዝገብ፤ ጦር የሚወረውርም ሰው የለንም፣ አንዴ ሞክር" አሉኝ። ምን ብዬ መለስኩላቸው መሰላችሁ? "ቲቸር፣ እኔ እኮ የ1,500 ሯጭ ነኝ!" አልኳቸው። ሥራ የበዛበት ሰው ሆኜ አልነበረም። ጦር ወርውሬ ስድስተኛ ስወጣ ሰው እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ነው። አንደኛ ያሉትን ልጅ ስድስተኛ ሆኖ ማን ያየዋል?

ውድድሩ መጣ። 1,500 ሜትሩን አሸነፍኩ። ልጆቹ በትከሻቸው ተሸክመው ሜዳውን አዞሩኝ። ማታ ላይ ነጥቡ ሲደመር ግን ዋንጫውን በ4 ነጥብ ተበላን።

አቆጣጠሩ በብዙ የቡድን ውድድር የተለመደው ነው። በእያንዳንዱ ውድድር አንደኛ የወጣ 8 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛ 7፣ ሦስተኛ 6፣ እንዲህ እያለ ስምንተኛ የወጣው 1 ነጥብ ያገኛል። መምህራችን አልተቆጡንም። ወረቀቱን ዘርግተው ብቻ አሳዩን። በጦር ውርወራ የተወዳደሩት አምስት ልጆች ብቻ ነበሩ። አምስት! ከእኛ ሁለት ልጆች ገብተን፣ ደንቡን ጠብቀን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ወርውረን፣ ከሁሉም ኋላ ብንሆን እንኳ ስድስተኛና ሰባተኛ እንሆን ነበር። 3 እና 2፣ ባጠቃላይ 5 ነጥብ። የተሸነፍነው ደግሞ በ4።

አንድ ሌላ ነገርም አሳዩን። ይህኛው የበለጠ ያማል። ከክፍላችን አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ሦስት ውድድር ገባች። በ800 ሜትር አራተኛ ወጣች፤ 5 ነጥብ። በርዝመት ዝላይ አምስተኛ፤ 4 ነጥብ። አሎሎ ደግሞ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር የያዘችው፤ ስድስተኛ ወጣች፤ 3 ነጥብ። ደምሩት። 12 ነው። እኔ ስንት አመጣሁ? 8። በትከሻ የዞርኩት እኔ ነኝ። ለእሷ ያጨበጨበ ሰው አላስታውስም። እኔም አላጨበጨብኩላትም።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያን ቀን ያላጨበጨብኩትን ጭብጨባ ለመክፈል ነው ብላችሁ ውሰዱት።

ወገኖቼ፣ ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ነገር ብቻ አይደለም። የሀገር ጠባይ ነው። እኛ አንደኛ እንወዳለን። አንደኛ መውደድ ክፉ አይደለም፤ ክፉው "አንደኛ ካልሆንኩ አልገባም" ማለት ነው። እስቲ የኦሎምፒክ ታሪካችንን ተመልከቱ። ከ1956 እ.ኤ.አ. ከሜልቦርን ጀምሮ በኦሎምፒክ ያገኘነው ሜዳሊያ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የአትሌቲክስ ነው። በአትሌቲክስም ውስጥ ቢሆን ከ800 ሜትር በታች በሆነ ርቀት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለንም። በዝላይ የለንም። በውርወራ የለንም። በረጅም ርቀት ዓለም የሚያከብረን ሕዝብ፣ በሌላው ግን ወረቀታችን ነጭ ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጦር አርቆ መወርወር የሚችል ክንድ ጠፍቶ ነው? ድንጋይ ወርውሮ ከብት የሚመልስ እረኛ የበዛበት አገር እኮ ነው! ክንዱ አለ። የጠፋው የሚመዘገብ ስም ነው።

"እኛ ለዚያ አልተፈጠርንም" የሚል ሰው ይኖራል። እሺ፣ ከራሳችን ጀግኖች እንማር።

ማሞ ወልዴን ሁላችሁም በማራቶን ታውቁታላችሁ። በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ሲቲ፣ አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲያቋርጥ ማሞ ቀጥሎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረ። በዚያው ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትርም ብር አምጥቷል። ግን ማሞ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ሲሄድ፣ በሜልቦርን፣ ምን ሮጦ ነበር? 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትር እና 4 በ400 ዱላ ቅብብል። በሦስቱም ማጣሪያውን አላለፈም። ሦስት ጊዜ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ወደቀ። "በቃ፣ አይሆንልኝም" ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ከ12 ዓመት በኋላ አበበ ሲጎዳ ማን ነበር ቦታውን የሚሸፍነው?

ወደ ራሳችሁ ዘመን ልምጣ። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሎምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። ከማጣሪያው አላለፈችም። ያቺው ትዕግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ በወቅቱ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፓሪስ ኦሎምፒክ በማራቶን ብር አጠለቀች። ከሁለት ዙር ወደ 42 ኪሎ ሜትር! "እኔ የ800 ሯጭ ነኝ" ብላ ብትቀር ኖሮ ይህን ሁሉ አናይም ነበር።

መሰናክልስ? "የኬንያ ነው" ስንል ኖረን የለ? እሸቱ ቱራ በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ ሲያመጣ በሩን ከፈተ። ዛሬ የዚያው ርቀት የዓለም ክብረ ወሰን፣ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ፣ በለሜቻ ግርማ ስም የተመዘገበ ነው። የእኛ አይደለም የተባለው የእኛ የሆነው አንድ ሰው መጀመሪያ ስሙን ስላስመዘገበ ነው።

አሁን ወደ ቡድኑ እንመለስ። ስለ አገር አቋራጭ ላስታውሳችሁ፤ በዓለም ላይ ቡድን ማለት ምን እንደሆነ ከሚያሳዩ ውድድሮች አንዱ እሱ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በማድሪድ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ልጆቻችን ከፊት ሆነው እየመሩ ዙሩን ተሳሳቱ። አንድ ዙር እየቀረ ውድድሩ ያለቀ መስሏቸው አፈትልከው ጨረሱ። ሲነቁ ሌላው አልፏቸዋል። አስቡት፤ በዓለም ፊት! በዚያ ቀን ተስፋ መቁረጥ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ተመልሰው ሮጡ። መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ። የግሉን ወርቅ አጣን፤ የቡድኑን ዋንጫ ግን ወሰድን! ከዚያም እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ፣ የወንዶችን የቡድን ድል አላስነካንም።

ይህ እንዴት ሆነ? በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ የስድስት ሯጮች ደረጃ ይደመራል፤ አነስተኛ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። ስለዚህ ስድስተኛው ሰው የሚያልፈው እያንዳንዱ ተፎካካሪ ለኢትዮጵያ አንድ ነጥብ ነው። የስድስተኛውን ሰው ስም ማን ያስታውሳል? ማንም። ዋንጫው ግን ያለ እሱ አይመጣም። ፎቶ የሚነሳው አንደኛው ነው፤ ዋንጫ የሚያነሳው ግን ቡድኑ ነው።

አባቶቻችን ይህን ሂሳብ ያውቁት ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሁሉ ጠመንጃ የያዘ አልነበረም። ራስ መኮንን ከሐረር፣ ራስ ሚካኤል ከወሎ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ ከትግራይ ሲሰለፉ፣ ከኋላ ስንቅ የጫነ አለ፣ በቅሎ የጎተተ አለ፣ ነጋሪት የመታ አለ። መቀሌ ላይ የጠላትን ምሽግ ያስጨነቀው የእቴጌ ጣይቱ ሰዎች የያዙት የውኃ ምንጭ ነው። በጦርነቱ ቀን ደግሞ ሴቶቹ ውኃ ተሸክመው በተዋጊው መካከል ይመላለሱ ነበር። "እኔ ጎራዴ ካልያዝኩ አልሄድም" ያለ ቢበዛ ኖሮ ያ ድል አይገኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው። ድሩ ግን እንዲያብር እያንዳንዱ ክር ቦታው ላይ መገኘት አለበት።

እናም ዛሬ የሀገር ፍቅር ማለት ለእናንተ ምንድን ነው? ባንዲራ ፕሮፋይል ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ኮሜንት ላይ መፎከርም ቀላል ነው። ከባዱ ማንም በማያይህ ውድድር፣ ስድስተኛ እንደምትወጣ እያወቅህ፣ ለወገንህ 3 ነጥብ ብለህ መግባት ነው። ነጥብ ቆጣሪው "ቋንቋህ ምንድን ነው? ከየትኛው ወገን ነህ?" አይልም። የማንም ልጅ ሁን፣ ያመጣኸው ነጥብ ከጓደኛህ ነጥብ ጋር በአንድ ረድፍ ይደመራል። አንድነትን በስብከት ከመማር በዚህ መማር ይሻላል።

እሺ፣ ምን እናድርግ? በተግባር እንነጋገር።

አንደኛ፣ ደንቡን አንብቡ። ከአንድ ትምህርት ቤት በአንድ ውድድር ስንት ሰው መግባት ይችላል? አንድ ተማሪ ስንት ውድድር ይፈቀድለታል? ነጥቡ እስከ ስንተኛ ይሰጣል? ዱላ ቅብብል ነጥቡ እጥፍ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ሳታውቁ የምትሰለፉ ከሆነ የምትጫወቱት በጭፍን ነው። የሚፈቀደውን ቦታ ሁሉ ሙሉ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችሁ ሦስት ነገር ምረጡ። አንዱ ዋናችሁ ይሁን፤ የምትወዱት። ሁለተኛው ጎረቤቱ ይሁን፤ የ1,500 ሯጭ ከሆንሽ 800 ወይም 3,000፣ የ100 ሜትር ሯጭ ከሆንክ ርዝመት ዝላይና ዱላ ቅብብል። ፍጥነት ያለው ሰው አሸዋው ላይ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሦስተኛው ደግሞ ባዶው ይሁን፤ ማንም ስሙን ያልጻፈበት።

ሦስተኛ፣ በባዶው ውድድር የሚፈለግባችሁ አሸናፊነት አይደለም። ሕጋዊ ሙከራ ነው። አሎሎ አይወረወርም፣ ከአንገት ሥር ይገፋል። ጦር ከትከሻ በላይ ተወርውሮ ጫፉ ቀድሞ መሬት መንካት አለበት። በርዝመት ዝላይ የመጀመሪያዋን ሙከራ ከጣውላው ትንሽ ወደኋላ ተነስታችሁ ዝለሉ፤ አንድ ልኬት በእጃችሁ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ድፈሩ። በ4 በ100 ዱላ ቅብብል ዱላው ከመቀባበያው ክልል ወጥቶ ከተቀባበላችሁ አራቱም ልፋት ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ከመሮጥ በፊት መቀባበሉን ተለማመዱ። ይህን ለመማር ሦስት ሳምንት ይበቃል። የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን አይበቃም፤ ስድስተኛ ለመሆን ግን ይበቃል።

አራተኛ፣ ብዙ ግቡ ስል ሁሉን ግቡ ማለቴ አይደለም። የሰዓት ሰሌዳውን ተመልከቱ። 400 ሜትር ጨርሶ ከሩብ ሰዓት በኋላ 800 የሚሰለፍ ልጅ ሁለቱንም ያበላሻል። ለ2 ነጥብ ብሎ ዋና ውድድሩን ያጣ ሰው ቡድኑን አልረዳም። ጦርና አሎሎ ደግሞ መምህር በሌለበት፣ ሰው ሜዳ ውስጥ እያለ እንዳይነካ። ከአሰልጣኛችሁ ጋር ተማከሩ፤ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው።

አምስተኛ፣ ለሴት እህቶቻችን። በየትኛውም ትምህርት ቤት ወረቀቱን ብታዩ ይበልጥ ነጭ የሆነው የእናንተ ገጽ ነው። ይህ ማለት ደግሞ ይበልጥ ብዙ ነጥብ ያለባለቤት ሜዳ ላይ የወደቀው እዚያ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከእሷ በፊት የነበረውን ባዶ መስመር እሷ ሞላችው። እናንተ ወንድሞችም፣ እህታችሁ አሎሎ ስትገፋ የሚስቅ ካያችሁ ዝም አታሰኙትም እንዴ? ሳቁ እኮ ነጥብ ያስከፍለናል።

ስድስተኛ፣ ስፖርት የማይሆንላችሁም አላችሁ፤ አውቃለሁ። ውኃ የሚያቀብል፣ የልጆቹን ቱታ የሚይዝ፣ "ስምህ ተጠርቷል፣ ቶሎ ውረድ!" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ስሙ ሲጠራ ሽንት ቤት የነበረ ሯጭ ከውድድር ውጪ ይሆናል፤ ይህ ስንቱን ቡድን ጎድቷል! ለዚህም ሰው መድቡ።

አሁን አንድ ሂሳብ ሰርተን እንለያይ። አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ወርቅ አመጣ እንበል፤ ሌላ ምንም የለውም። ሦስት ጊዜ 8፣ 24 ነጥብ። ሌላው አንድም ወርቅ የለውም፤ ግን በአሥር ውድድር አምስተኛ ወጣ። አሥር ጊዜ 4፣ 40 ነጥብ። ዋንጫው ወዴት ይሄዳል? ባዶ መስመር ግን በማንኛውም ሂሳብ ዜሮ ነው። በዜሮ ደግሞ ማንም አሸንፎ አያውቅም።

ውድድሩ ሲያልቅ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ ለወጣው አጨብጭቡ፤ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱን ዘርግታችሁ ደምሩ። ብዙ ነጥብ ያመጣው፣ ፎቶ ያልተነሳው ልጅ ማን ነው? ብዙ ነጥብ ያመጣችው ዝምተኛ ልጅ ማን ናት? ፈልጋችሁ አግኟት። በትከሻችሁ አንሷት። እኔ ያላደረግሁትን እናንተ አድርጉ።

ወረቀቱ አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እስክሪብቶም አለ። ስትወጡ የታወቀውን ውድድራችሁን ፈልጋችሁ ስማችሁን አትጻፉ፤ እሱማ ተጽፏል። ወደ ታች ውረዱ። ነጩን ፈልጉ። እዚያ ጻፉ።

ድል ለቡድናችን!

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!